መስገጃውና ነጩ ኪኒን

ወይዘሮ ሳፊያ የምራታቸውን የወር አበባ የሚከታተሉት በመስገጃዋ ነበር። መስገጃው ከሳሎኑ ጥግ ተዘርግቶ ከዋለ ሀፊዛ ትሰግዳለች ማለት ነው፣ ደህና ናት። ታጥፎ ከቁም ሳጥኑ ላይ ከወጣ ደግሞ ደሟ መጥቷል፤ ደም ያላት ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም። በዚያ ቤት ስለዚህ ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ነውር ነዋ! በዓይን መከታተልን ግን ማን ከልክሎ?

ታዲያ ያን ሰሞን መስገጃው አበደ። ሰኞ ተዘርግቶ ይውልና ማክሰኞ ይታጠፋል። ሐሙስ ጠዋት ይዘረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ወይዘሮ ሳፊያ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ጉዱን ያያሉ።

«ሀፊዛ፣» አሉ አንድ ቀን።

«አቤት ኡሚ።»

«ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንጃ» አሉና ወደ ተስቢሃቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ሳፊያ «እንጃ» ካሉ ነገሩ አላለቀም፤ ሀፊዛም ይህን ስለምታውቅ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

ሀፊዛ ወሰን ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ግቢ ነው የምትኖረው። ተወልዳ ያደገችው መሪ አካባቢ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት። ቤቷ ውስጥ አንዲት የእግር ስፌት መኪና አለቻት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ታሳጥራለች፣ ጀለቢያና አባያ ትሰፋለች። ባሏ ዒምራን ከወሰን መገናኛ ሚኒባስ ይነዳል። ጀናን የምትባል ገና የምትድህ ሴት ልጅ አለቻቸው። ወይዘሮ ሳፊያ የዒምራን እናት ናቸው፤ ከሌላ ልጅ ጋር ልኑር ቢሉም ሌላ ልጅ የላቸውም።

አሁን የመስገጃውን እብደት ለመረዳት ጀናን ወደተወለደችበት ቀን መመለስ ግድ ነው። ያን ቀን ሀፊዛ በሰላም ወለደች ተብሎ እልልታው ሳያልቅ ደሟ አልቆም አለ። ዒምራን ስልኩ ሲጠራ መገናኛ ላይ ተሳፋሪ ሞልቶ ነበር፤ መኪናውን ከነሰዉ ለረዳቱ ጥሎ ሮጠ። ደም ሰጠ፣ ጓደኞቹም ሰጡ። ሀፊዛ የምታስታውሰው ጣራው እየራቀ መሄዱን ብቻ ነው። በኋላ ዶክተሩ ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ፣ «ተርፈሻል። ሁለት ዓመት እስኪሞላ ግን እርግዝና የሚባል ነገር እንዳታስቢ። ቶሎ ከመጣ እንደዚህኛው ላንደርስልሽ እንችላለን» አላት። ዒምራን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

ወይዘሮ ሳፊያ በዚያን ጊዜ ወንድማቸውን ሊቀብሩ ከሚሴ ሄደው ነበር። ዒምራን ደውሎ የነገራቸው፣ «ትንሽ ደም ፈሷት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» ብሎ ነው። እኛ ዘንድ መጥፎ ወሬ መቼ እንደ ወረደ ለሰው ይሰጣል? ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተፈጭቶ ነው የሚቀርበው። በዚያ ላይ ሴትዮዋ ደም ግፊት አለባቸው፣ ሐዘን ላይ ናቸው። ትንሽ ደም ተባለ፣ ትንሽ ደም ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ሀፊዛ ከጤና ጣቢያ ኪኒኑን ይዛ ስትመጣ ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከክሮቹ ሥር ደበቀችው። «ለኡሚ እንዳትነግሪያት፣» አላት ዒምራን፣ «ለምን ብላ ስትጠይቅ የዚያን ቀኑ ሁሉ ሊወጣ ነው።» ወይዘሮ ሳፊያ ደግሞ ከከሚሴ ከተመለሱ ጀምሮ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ወንድ የልጅ ልጅ መጥቶ በሟች ባላቸው ስም ሸረፈዲን ሊባል!

ኪኒኑን የሰጠቻት ሲስተር ሩሃማ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር እስክሪብቶ የምታገላብጥ ነርስ። «ጡት ስለምታጠቢ የሚስማማሽ ይሄኛው ነው» አለቻት። «ሁለት ሆርሞን ያለበት ዓይነት አለ፣ እሱ ወተትሽን ሊቀንሰው ይችላል። እዚህ ውስጥ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ሳታቋርጪ በየቀኑ አንድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት።» ሀፊዛ የዙህር አዛንን መረጠች። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ ሙአዚኑ ቀትር ላይ «አላሁ አክበር» ሲል እጇ ወደ መሳቢያው ይገባል። ስልክ አስጩሆ የሰው ዓይን ውስጥ ከመግባት ይሻላል ብላ ነው፣ ደግሞም ጥሩ ዘዴ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከደሙ ነው። ዛሬ ጠብ ይላል፣ ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አለ። ሀፊዛ ደም ባየች ቁጥር ያ የሚርቀው ጣራ ትዝ ይላታል። ለማን ትንገር? ለበለጡ ነገረቻት።

በለጡ ግቢው በር ላይ ጉሊት አላት። ቤተሰቦቿ እንጦጦ ራጉኤል ሥር ከድሮ ጀምሮ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ድንቹና ጎመኑ ከዚያው ነው የሚወርድላት። ሦስት ልጅ ወልዳ «በቃኝ» ያለች፣ ስለ ማንኛውም ነገር አስተያየት የማይጠፋባት ሴት ናት።

«እስቲ አምጪው፣ ልየው» አለች በለጡ። ኪኒኑን ተቀብላ አገላበጠችው። ፊት ለፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች። «ቡኒዎቹስ?»

«የምን ቡኒ?»

«ውይ! ቡኒ የለውም እንዴ? የኔ እኮ ነጩን ስጨርስ ቡኒው ይቀጥላል። ቡኒው ላይ ስደርስ ፔሬዴ ከተፍ! ቀጥ ያለ ነው። ያንቺ ጭራሽ ሁሉም ነጭ! ጎደሎውን ነው የሰጡሽ።»

«ጎደሎ?»

«እና! መውጫውን ቆርጠው ጥለውልሽ። ለዚህ እኮ ነው ደሙ መንገድ ጠፍቶት ጠብ ጠብ የሚለው። ስሚኝ፣ አንዱ እሽግ ሲያልቅብሽ ሳምንት ያህል አቁሚው፤ ደሙ ይውጣልሽ። ካልወጣማ የት ይጠራቀማል?»

«የት ይጠራቀማል» የሚለው ነገር ሀፊዛን እንቅልፍ ነሳት። ራሷን ባመማት ቁጥር «ወደ ላይ ወጥቶ ይሆን?» ትላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሲስተር፣ ቡኒዎቹን ረስተሽብኛል» ስትላት ሩሃማ በሳቅ ልትሞት። አይ ሩሃማ፣ ሰው ተጨንቆ መጥቶ ይሳቃል?

«ቡኒው መድኃኒት የለውም፣ የብረት ኪኒን ነው» አለቻት ሳቋን ስትጨርስ። «ያኛው ዓይነት ሲወሰድ ጥቂት ቀን ዕረፍት አለው። ያንቺ ዕረፍት የለውም፣ አንድ እሽግ ሲያልቅ በማግስቱ ሌላውን ነው። አቁመሽ ብትከርሚ ታረግዣለሽ። ጎረቤትሽን ‹እግዜር ይስጥልኝ› በያትና እንዳትሰሚያት።»

«ደሙስ የት ይጠራቀማል?»

«የትም። የሚጠራቀም ደም የለም። የወር አበባ የሚሆነው ማህፀን ለጽንስ ብሎ በየወሩ የሚያነጥፈው ነው። ኪኒኑ ንጣፉን ያሳሳዋል፤ ካልተነጠፈ ምን ይወርዳል? ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ማህፀንሽ በር ላይ ቀጭን ፈሳሽ አለ፤ ኪኒኑ እሱን እንደ አጥሚት ያወፍረዋል፣ የወንዱ ዘር አያልፍም። አንዳንዷ ላይ ደግሞ እንቁላሏም ጭራሽ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ በሁሉም ላይ ግን አይደለም።»

«ታዲያ ይሄ ጠብ ጠብ?»

«ጠባዩ ነው። አንዷን እንዲህ እያቆራረጠ ያደማታል፣ አንዷን ጭራሽ ያቆምባታል፣ አንዷን ምንም አይላትም። እንደ ወሊድሽ ቀን ዓይነት ሆኖ ከበዛ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ነይ። ራስ ምታት፣ ጡት መወጠር፣ ብጉር፣ መነጫነጭም ያመጣል።»

«መነጫነጩ ከኪኒኑ ይሁን ከአማቴ በምን አውቃለሁ?»

«ለእሱ እንኳ ምርመራ የለንም» አለች ሩሃማ።

ሀፊዛ ከወንበሩ ተነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ዋናውን ነገር አልጠየቀችም። «ይሄ ደም ግን ፔሬድ ነው፣ አይደለም?»

«ማለት?»

«ልስገድ ወይስ አልስገድ?»

ሩሃማ እስክሪብቶዋን ማገላበጥ አቆመች። «እ... እሱን እንኳ የሃይማኖት አስተማሪሽን ብትጠይቂ ይሻላል።»

ሀፊዛ ወደ ሰፈሩ ኡስታዛ ሄደች። ኡስታዛዋ ደግ ናቸው፣ ጀናንን ታቅፈው አዳመጧትና፣ «ከልማድሽ ቀን ውጭ የመጣ የሕመም ደም ከሆነ ታጥበሽ ትሰግጃለሽ። የልማድሽ ከሆነ ትተያለሽ። የትኛው እንደሆነ ሐኪም ይንገርሽና ተመልሰሽ ነይ» አሏት። ሐኪሟ ወደ ኡስታዛ፣ ኡስታዛዋ ወደ ሐኪም! «ልማዴ እኮ ጠፋብኝ፣ እሱን ነው የምላችሁ!» ብላ መጮህ አማራት፤ አልጮኸችም። ቤቷ ገብታ መስገጃውን ስትዘረጋና ስታጥፍ ከረመች። ስትሰግድ ኃጢአት የሠራች ይመስላታል፤ ሳትሰግድም ኃጢአት የሠራች ይመስላታል።

በለጡ ይህን ስትሰማ እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም አደረጋት። «አንቺስ መስገጃ ማጠፍ ነው። እኔ እንጦጦ ድረስ ዳገቱን ወጥቼ ደሜ መንገድ ላይ ከመጣ ከራጉኤል አጥር ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ‹ምነው በለጡ ዛሬ ውጭ ቀረሽ?› የሚለኝ ወሬኛ ደግሞ አይጠፋም» አለቻት።

እንዲህ ሆኖ ረመዷን ገባ። ሀፊዛ ያለፈውን በእርግዝና ምክንያት ስላልጾመች ይሄኛው ናፍቋት ነበር፤ ጀናንም ምግብ ጀምራለች። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ አዛኑ ሲሰማ እጇ እንደ ልማዱ መሳቢያው ውስጥ ገባ። ኪኒኗን ይዛ ቆመች። ጾም ናት እኮ! በውኃ ልትውጥ? መልሳ ከክሮቹ ሥር አስገባችው። «ማታ እውጠዋለሁ፤ ቀኑ እንደሆነ ያው ቀን ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ቀኑ ያው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ሁሉም በተምር ሲያፈጥር እሷ ኪኒኗን ከተምሩ ጋር ዋጠቻት። ከዚያን ቀን ወዲያ ሁልጊዜ መግሪብ ላይ ሆነ፤ አንድም ቀን አላጓደለችም።

ደግሞም ረመዷኑ ገና ከመግባቱ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ደም ቀጥ አለ። ሀፊዛ ደስ ሲላት! መስገጃው ከጥጉ አልተነሳም። ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ ትሰግዳለች፣ ማታም ለተራዊህ ሶላት መስጊድ ትሄዳለች። ሳምንቱ አለፈ፣ ረመዷን ተጋመሰ፣ ደሙ የለም። ሌሎቹ የሰፈሩ ሴቶች ተራ በተራ ጾም ፈትተው ማድ ቤት ውስጥ ተደብቀው ምሳ ሲበሉ እሷ ቀጥ ብላ ጾመች።

ወይዘሮ ሳፊያ ደግሞ ከሶፋቸው ላይ መስገጃውን እያዩ ፊታቸው ይፈካ ጀመር። በመጀመሪያ ማፍጠሪያ ላይ ትልቁን ሳምቡሳ ለእሷ ያነሱላት ጀመር። ቀጥሎ የውኃ ጀሪካን ከእጇ ነጥቀው «አንቺ ተቀመጪ» አሏት። ሀፊዛ ግራ ገባት። ሴትዮዋ ለምን በድንገት እንደወደዷት ሊገባት አልቻለም። ረመዷኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ስፌቷ ላይ እያለች መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«እኔን ለምን ትደብቂኛለሽ ልጄ?»

ሀፊዛ ዓይኗ ወደ መሳቢያው ሄደ። «ምኑን ኡሚ?»

«እኔ ዓይን የለኝም? ባል ያላት ወጣት ሴት ረመዷንን አንድ ቀን ሳትፈታ እንዴት እንደምትዘልቀው አላውቅም? ዒምራንን ያረገዝኩ ዓመት እኔም እንዳንቺው ሙሉውን ጾሜያለሁ። መስገጃሽ እኮ አልታጠፈም!» ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት። «ሸረፈዲን እንለዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ሀፊዛ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እግሯ የመኪናውን መርገጫ ለቀቀ። እንዴት እስካሁን አላሰበችውም? ደሙ መቅረቱን የአላህ ስጦታ ብላ ስትዝናና፣ የቀረው ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን አልጠየቀችም!

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም የለም። ራሷን ያማታል፤ ከጾሙ ነው፣ ከኪኒኑ ነው ወይስ ከእርግዝናው? ጡቷ ተወጥሯል፤ ስለምታጠባ ነው፣ ኪኒኑ ነው ወይስ እርግዝናው? የሹርባው ሽታ አንገሸገሻት፤ ይሄስ? ሲስተር ሩሃማ አንዷን ጭራሽ ያቆምባታል ብላ ነበር። አዎ፣ ብላለች። ግን እርግዝናም ጭራሽ ያቆማል! ታዲያ አንዲት ሴት የትኛው እንዳቆመባት በምን ታውቃለች? ሲመጣባት ስትረግመው የነበረውን ደም አሁን ናፈቀችው። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር «ና እንጂ፣ ምን አስቀረህ?» እያለች ትለምነዋለች። እሱ ደግሞ የውኃ ሽታ ሆነ።

ለዒምራን ነገረችው። ሚኒባሱን ግቢ ውስጥ እያጠበ ነበር፤ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«አላሳለፍሽም አይደል? ኪኒኑን?»

«አንድም ቀን! ወላሂ አንድም ቀን!»

«ታዲያ እንዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ዒምራን! ኡሚ ስም አውጥተውለታል!»

ዒምራን ከጎማው አጠገብ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ሆስፒታል እንዳደረገው ቁልቁል። «እኔ አሁን ድጋሚ እዚያ ኮሪደር ላይ አልቆምም» አለ። «አልችልም፣ ሀፊዛ።» እሷም ፈርታ ነበር፤ እሱን ስታየው ደግሞ ፍርሃቷ እጥፍ ሆነ። ጀናንን የሚያሳድጋት ማን ነው? ይሄን ብቻ ነው የምታስበው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀናንን ለወይዘሮ ሳፊያ ትተው፣ «ክር ልንገዛ ነው» ብለው ወጡ። ዒምራን ሰው ሳይጭን፣ ተሳፋሪው እጁን እያውለበለበ እየሰደበው፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

ሲስተር ሩሃማ መጀመሪያ የጠየቀቻት ሰዓቱን ነው። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጪው?»

«ዙህር ላይ ነበር። ረመዷን ሲገባ ወደ መግሪብ አዛወርኩት።»

«እንዴት አድርገሽ አዛወርሽው?»

«የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ተውኩት፣ ማታ ዋጥኩት። ቀኑ እኮ ያው ነው።»

ሩሃማ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ያንቺ ኪኒን አቅሙ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ የሚያተርፈው የለም። ከተለመደው ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ ያ የወፈረው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። አንቺ ስድስት ሰዓት ያህል አሳልፈሻል። ማታ መዋጥሽ ደግ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በኮንዶም መጠንቀቅ ነበረባችሁ። ያን ሁለት ቀን...?»

ሀፊዛ ሻርፗን አስተካከለች። ዒምራን የግድግዳውን ፖስተር ያነብ ጀመር። ማታ ማታ ጾም የለም፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ምን ይጠየቃል?

«ማንም እንዲህ ነው አላለኝም» አለች ሀፊዛ።

«እኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለች ሩሃማ። «በተመሳሳይ ሰዓት ብዬ ሸኘሁሽ። ረመዷን እንደሚመጣ አላሰብኩም። ሰዓት መቀየር ሲኖርብሽ የሚቀጥለውን አስቀድመሽ ነው የምትውጪው፣ አታሳልፊም። በዋዜማው ቀትር ላይ አንዱን፣ በዚያው ምሽት የማግስቱን ብትውጪ አይጎዳሽም ነበር።» ከዚያ ለሽንት የሚሆን ብልቃጥ ሰጠቻት።

ሩሃማ ጠባቧን ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ ነክራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ሦስቱም አፈጠጡባት። አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ሀፊዛ ከወንበሯ ተነሳች።

«ወጣ!» አለች።

«ቆይ፣ ገና ነው።»

ጠበቁ። ሌላ መስመር አልመጣም። ሩሃማ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አየቻት፣ ደግማም አየቻት። «የለም» አለች።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«እርግዝናው። አንዱ መስመር ወረቀቱ መሥራቱን ነው የሚነግረን። እርግዝና የሚሆነው ሁለት ቢሆን ነበር። በቂ ቀንም አልፏል፣ ቢኖር ይታይ ነበር። አላረገዝሽም፣ ሀፊዛ።»

ዒምራን «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሀፊዛ አለቀሰች፣ በዚያው መሐል ቀና ብላ «ታዲያ ደሜ የት ሄደ?» አለች።

«እንደገና ልጀምርልሽ?» አለች ሩሃማ። «ንጣፉ ሳስቷል። አንዷን ያደማል፣ አንዷን ያቆማል ብዬሽ የለ? አንቺን ሁለቱንም እያሳየሽ ነው።»

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ወይዘሮ ሳፊያ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንዲት ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ ነጭ ጀለቢያ አለች፤ እጅጌዋ ተጀምሯል። መሳቢያው ተከፍቷል። ነጭ ክር ፈልገው ነው የከፈቱት። ኪኒኑ ጀለቢያዋ ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

ዒምራን ከኋላው በሩን ዘጋ።

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። በለጡን ጠርቼ አሳይቻታለሁ፤ የባሰ ግራ አጋብታኝ ሄደች፣ ቡኒው ጎድሎታል እያለች። ልጄን በሆድሽ ይዘሽ ይሄን ትውጫለሽ? ልትገድዪው ነው?»

«ኡሚ፣ ልጅ የለም» አለች ሀፊዛ።

«ገደልሽው?»

«ኖሮ አያውቅም ኡሚ! አሁን ተመርምሬ መጣሁ። ደሜን ያቆመው ኪኒኑ ነው።»

«ኪኒን ደም ያቆማል? እስከዛሬ በየቀኑ መስገጃ ሲያሳጥፍሽ አልነበር?»

«እሱም እሱ ነው!»

ወይዘሮ ሳፊያ ልጃቸውን አዩት። «ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው ዒምራን? ይሄን ታውቃለህ?»

ዒምራን እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «ኡሚ፣ ጀናን ስትወለድ ትንሽ ደም ፈሳት ያልኩሽ... ትንሽ አልነበረም። ሲፈስ ነው ያመሸው። ዶክተሩ ወጥቶ ‹ቤተሰብ ካለ ጥራ› አለኝ። ለመሰናበት መሆኑ ገብቶኛል። ቶሎ ካረገዘች አትተርፍም ብለውናል። ኪኒኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ በይ። ልጅ ጠልታ አይደለም።»

ተስቢሃቸው ከጭናቸው ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፣ አላነሱትም።

«ቤተሰብ ጥራ ሲልህ ማንን ጠራህ?»

«ማንንም።»

«እኔንስ?»

«አንቺ ሐዘን ላይ ነበርሽ፣ ግፊትሽ...»

«ግፊቴን ተወው!» ጮኹ። ጀናን ደንግጣ አለቀሰች። «ልጄ ሞት አፋፍ ላይ ቆማ እኔ ከሚሴ ተቀምጬ ‹አልሐምዱሊላህ በሰላም ወለደች› እያልኩ ለቀስተኛውን ቡና ሳጠጣ ነበር! ብትሞትብኝስ? ‹ትንሽ አሟት ነበር› ልትሉኝ ነበር? ምኑንም ሳላውቅ አይደል እርጉዝ ትሁን ብዬ ዱዓ የማደርግባት? ይሄን ሁሉ ቀን እኮ እንድትሞቺ ነው አላህን ስለምን የከረምኩት!»

ሀፊዛ እንደሚቆጧት ታውቅ ነበር፤ ስለ ኪኒኑ እንጂ ስለዚህ መሆኑን አላሰበችም። አማቷ «ልጄ» ያሉት ማንን እንደሆነ እንኳ የገባት ቆይቶ ነው።

አዛን አለ። መግሪብ ነው። ተምሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል፣ የሚነሳ ግን የለም። ወይዘሮ ሳፊያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሱ። አንድ ተምር አነሱና ሀፊዛ እጅ ላይ አኖሩ። ከዚያ ኪኒኑን ከጀለቢያዋ ላይ አንስተው አንዷን በአውራ ጣታቸው ገፍተው አወጧት። ዓይናቸው ስለማይረዳቸው ሁለት ጊዜ ሳቱ።

«ሰዓቱ ይሄ ነው?»

«አዎ ኡሚ። አሁን መግሪብ ላይ ነው።»

«ዋጪ» አሉ። «እንዳያልፍብሽ።»

ከዒድ በኋላም ሰዓቱ መግሪብ ላይ ጸና። ሀፊዛ ሥራ ይዟት ብትዘነጋ እንኳ ሙአዚኑ «አላሁ አክበር» ባለ ቁጥር ከሶፋው «ሀፊዛ! ኪኒንሽ!» የሚል ድምፅ ይከተለዋል። ግቢው በሙሉ ሰምቷል፤ በለጡም ጉሊቷን ስታነሳ «ዋጥሽ?» እያለች ታልፋለች። ነጯ ጀለቢያ ግን አንድ እጅጌዋ እንደተጀመረ ተጣጥፋ ቁም ሳጥን ገብታለች። ስለ እሷ ማንም አያነሳም።

አንድ ጠዋት፣ ዒድ ካለፈ ሳምንታት በኋላ፣ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ደም ተመልሶ መጣ። ሀፊዛ መስገጃዋን አጠፈችና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዙህር በፊት ደግሞ ቀጥ አለ። አሁንስ? ልታጠብና ልዘርጋው? ወይስ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል? ወንበር ላይ ወጥታ መስገጃውን ልታወርድ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው፣ ደግማ ዘረጋች።

ወይዘሮ ሳፊያ ጀናንን ታቅፈው ከጓዳ ሲወጡ እሷን አዩ፣ ቀጥሎ የታጠፈውን መስገጃ አዩ። ቆሙ። ነጻ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

«ኡሚ፣ ግን እኮ ቆሟል። የሐይድ፣ የልማዴ ደም ይሁን አይሁን አላውቅም። ኡስታዛን ሄጄ ልጠይቅ?»

«ጠይቂ። ሄደሽ ጠይቂ» አሉና ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙረው። «እስክትመለሺ ግን እዚያው ታጥፎ ይቆይ፤ ልየው።»